ስትሮኩ በቀኝ፣ የሚወድቁትም ወደ ቀኝ፦ የአባቴ ኤምአርአይ ተሳስቶ ይሆን?

የልብስ ሰፊው ልጅ (ደሴ)

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሸዋ በር አካባቢ፣ በረንዳ ላይ፣ በእግር በምትረገጥ የድሮ ሲንጀር መኪና ነው ያሳደጉን። አንድ ቀን ለሱብሒ ሊነሡ ሲሉ ቤቱ ዞረባቸው። አስመለሳቸው። ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ሲወጡ ደግሞ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው ግድግዳው ላይ ወደቁ። ከዚያ ስቅታ ያዛቸው። ውሃ ቢጠጡ፣ ትንፋሻቸውን ቢይዙ፣ አልለቅ አለ። ድምፃቸው ጎረነነ። የቀኝ ዐይናቸው ቆብ ወረድ አለ።

ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ «ብርድ ነው» አለ። መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ ጨጓራ ነው፣ ጆሮም ሊሆን ይችላል ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ መለሰን። ሲቲ ስካን ተነሡ፤ ምንም የለም ተባለ። ስቅታው አልበርድ ሲል አዲስ አበባ ወስደን ኤምአርአይ አስነሣናቸው። ወረቀቱ ላይ ስትሮክ ይላል፤ ቦታው የቀኝ ላተራል ሜዱላና የቀኝ ኢንፌሪየር ሴሬቤላር ፔዳንክል። ዶክተሩ «ከአንጎል ግንድ ወደ ትንሹ አንጎል የሚገቡት የነርቭ ክሮች ተጎድተዋል» ብሎ ነገረን። ከኋላችን ወረፋው ረጅም ስለነበር ብዙ ልጠይቀው አልቻልኩም።

አሁን ቤት ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። ጉልበት አላቸው። በቀኝ እጃቸው ሲጨብጡኝ አጥንቴ ይንቋቋል። ግን ያው እጅ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እምቢ አለው። ቀዳዳውን አልፎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያልፋል። ቀኝ እግራቸውም ፔዳሉ ላይ ምቱን ይስታል። መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩ ይበጠሳል። ለእኚህ ሰው ክር መበጠስ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሌላው ደግሞ ቡና ሲቀርብ ነው። ሲኒውን በግራ እጃቸው ሲይዙት መያዛቸውን ያውቃሉ፤ ትኩስ መሆኑን ግን አያውቁም። በቀኝ ሲይዙት «ኡፍ!» ብለው ያስቀምጡታል። ፊታቸው ላይ ተገላቢጦሽ ነው። በቀኝ ጉንጫቸው ሙቁም ቀዝቃዛውም አንድ ሆኖባቸዋል።

የእህቴ ባል «የቀኝ አንጎል የሚያዘው ግራውን ነው፤ ስለዚህ ሪፖርቱ ጎን ቀይሯል» አለ። ፊልሙን መስኮት ላይ ይዘን ስናየውም ነጩ ነጥብ በግራ በኩል ነው። እኔም ጥርጣሬ ገባኝ። እውነት ተሳስተው ነው? ይሄ ፔዳንክል የሚባለውስ ምንድን ነው? ወደ መኪናቸው ይመለሱ ይሆን? በጨርቅ ሸፍነናታል፤ እሷን እያዩ ይብሰለሰላሉ።

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)

አላህ ያሽራቸው ወንድሜ። የእህትህ ባል ልክ ነው። አጎቴ በግራ አንጎሉ ደም ፈሶ የሰነፈው ቀኝ ጎኑ ነው፤ እጁም እግሩም። ሁሌ በተቃራኒው ነው የሚሆነው። ስለዚህ ወይ ፊልሙ ወይ ወረቀቱ ተሳስቷል። ብር ያስወጣል እንጂ ኤምአርአዩን ብትደግሙት ይሻላል።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ቆይ፣ ቆይ። ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይችን አንብቡ።

እዚሁ ደሴ ለጤና ተማሪዎች አናቶሚ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን በፊዚዮቴራፒ ሠርቻለሁ። አባትህን አላየኋቸውም፤ የሐኪማቸውን ወንበር አልቀማም። ግን አንተ የጻፍከውና ሪፖርቱ ገጥሟል። እንዲያውም ወረቀቱ «ግራ» ቢል ኖሮ ነበር የምደነግጠው።

የቦርከናው ያለው ነገር ለትልቁ አንጎል እውነት ነው። ለትንሹ አንጎል፣ ለሴሬቤለም፣ አይሠራም። ቀኙ ለቀኝ ጎን ነው፣ ግራው ለግራ። ተማሪዎቼ ይቺን ነገር ለፈተና ይሸመድዷታል። «ለምን?» ስላቸው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

ትንሹ አንጎል ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ከራስ ቅል በስተኋላ ግርጌ ተቀምጧል። ክብደቱ የጠቅላላው አንጎል አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ከነርቭ ሴሎቻችን ግን ከአምስቱ አራቱ እጅ ያህል እዚያ ነው ያለው። ይሄ ሁሉ ከቀረው አካል ጋር የሚገናኘው በሦስት ጥንድ የነርቭ ክር ጥቅሎች ነው። ፔዳንክል የሚባሉት እነሱ ናቸው። የላይኛው ጥንድ ሱፔሪየር ይባላል፤ ከሚድብሬን ጋር ያገናኛል። መካከለኛው ከፖንስ ጋር ነው። የታችኛው፣ ኢንፌሪየሩ፣ ከሜዱላ ጋር። ሚድብሬን፣ ፖንስና ሜዱላ ተደራርበው ነው የአንጎል ግንድ የሚሆኑት። በእነዚህ ፔዳንክሎች ከሚወጣው የሚገባው በጣም ይበልጣል፤ አርባ እጥፍ ያህል። ትንሹ አንጎል ብዙ ይሰማል፣ ጥቂት ይናገራል። በስብሰባ ላይ ከማውቃቸው ሰዎች የተለየ ነው።

የአባትህ ጉዳይ የታችኛው ነው። እሱ ላይ እንቆይ።

ፔዳሏን አስባት። እግር ሲጫናት ቁርጭምጭሚቱ ምን ያህል እንደታጠፈ፣ የባቱ ጡንቻ ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ ወሬው በየቅጽበቱ ወደ ላይ ይላካል። ከቀኝ እግር የተነሣው ወሬ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባና በዚያው በቀኝ በኩል ሽቅብ ይወጣል። አይሻገርም። ሜዱላ ሲደርስ በቀኙ ኢንፌሪየር ፔዳንክል በኩል ወደ ቀኙ ትንሽ አንጎል ይገባል። የቀኝ እጅም እንዲሁ፤ በሌላ መስመር ግን በዚያው ጎን፣ በዚያው በር። ከውስጥ ጆሮ የሚመጣው የሚዛን ወሬም በዚህ በኩል ያልፋል። ለዚህ ነው ቤቱ የዞረባቸውና ወደ ቀኝ የተደፉት።

እዚያው ጥቅል ውስጥ ከኢንፌሪየር ኦሊቭ፣ ሜዱላ ውስጥ ካለ የነርቭ ሴሎች ክምችት፣ የሚመጡ ክሮችም አሉ። እነዚህ ግን ከተቃራኒው ጎን ተሻግረው የሚመጡ ናቸው። ትንሹ አንጎል ውስጥ ፐርኪንየ የሚባሉ ትላልቅ ሴሎች አሉ። በአዋቂ ሰው ለእያንዳንዱ ፐርኪንየ ሴል ከኦሊቭ የሚደርሰው አንድ ክር ብቻ ነው። ያ አንድ ክር ሴሉ ላይ ይጠመጠምና ሲተኩስ በኃይል ይቀሰቅሰዋል። ብዙ ተመራማሪዎች «ስተሃል፣ አርም» የሚለው ምልክት በዚህ በኩል ይመጣል ይላሉ። እኔ ይሄን ክፍል ሳስተምር ሰዓቱ ሁሌ ያልቅብኛል።

እንግዲህ አባትህ ጡንቻቸው ደህና ነው። ትእዛዙም ከላይ ይወርዳል። የቀረው እግሩ የት እንደደረሰ የሚናገረው ወሬ ነው። ወሬው በጊዜው ሳይደርስ ሲቀር እግሩ መቼ እንደሚጫንና መቼ እንደሚለቅ ያጠፋዋል። ፔዳል ያለ ምት አይሠራም። መዘውሩ ወደ ኋላ ሲዞር ክሩ የሚበጠሰውም ለዚህ ነው። የእጃቸውም ነገር ያው ነው፤ መርፌዋን ያልፋታል፣ ሲመለስም ያልፋታል።

አሁን የመሻገሩ ነገር። ከትንሹ አንጎል የሚወጣው መልስ በአብዛኛው በሱፔሪየር ፔዳንክል ነው። ከቀኝ የወጣው ሚድብሬን ላይ ወደ ግራ ይሻገራል። በግራ ታላመስ፣ መሀል አንጎል ላይ ባለው የወሬ ማስተላለፊያ ጣቢያ፣ በኩል ወደ ግራው የትልቁ አንጎል ቅርፊት ይደርሳል። ከዚያ የእንቅስቃሴው ትእዛዝ ሲወርድ ሜዱላ ግርጌ ላይ እንደገና ወደ ቀኝ ይሻገራል። አስፋልት ሁለቴ የተሻገረ ሰው ተመልሶ በተነሣበት ጎን ነው የሚገኘው። የቦርከናው አጎት ጉዳት አንዴ በሚሻገረው መስመር ላይ ስለነበር በተቃራኒው ጎን ታየ። የአባትህ ደግሞ መግቢያው ላይ ነው፤ ከእጅና ከእግር የሚመጣው ወሬ እዚያ አይሻገርም።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጎርደን ሆምዝ የሚባል የነርቭ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማጅራታቸውን በጥይት የተመቱ የእንግሊዝ ወታደሮችን መርምሮ በ1917 ጽፏል። የቀኙ ትንሽ አንጎል የተመታበት ሰው የሚንገዳገደው በቀኝ እጅና እግሩ ነበር። ከሕመምተኞቹ አንዱ ግራ እጁ ሳያስበው እንደሚሠራ፣ ቀኝ እጁን ግን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ እያሰበ ማዘዝ እንዳለበት ነግሮታል። አባትህን ጠይቃቸው። «እግሬን እያሰብኩ ነው የምረግጠው» ይሉህ ይሆናል።

ወደ ሲኒው ልምጣ። የሕመምና የሙቀት ወሬ ሌላ መስመር አለው። እሱ ከመጀመሪያው ሕብለ ሰረሰር እንደገባ ይሻገራል። ስለዚህ የግራ እጅ የሙቀት ክሮች ሜዱላ ላይ ሲያልፉ በቀኝ በኩል፣ ጠርዝ ላይ ናቸው። ስትሮኩ እዚያ ሲመታ የግራ እጅ ሙቀት ይጠፋል። የመንካት ወሬ ግን መሀል መሀሉን ስለሚሄድ ይተርፋል። ሲኒ መያዛቸውን አውቀው ትኩሱን የማያውቁት ለዚህ ነው። የፊት ክሮች ደግሞ በዚያው ጎን ወደ ሜዱላ ስለሚወርዱ የሚጠፋው የቀኝ ፊት ነው። ጉልበት የሚያወርደው መስመር በሜዱላ ፊት ለፊት በኩል ያልፋል፤ ደም የሚያገኘውም በሌሎች ቅርንጫፎች ነው። ስለዚህ ዳነ። ጭብጣቸው አጥንትህን ያንቋቋው በዚህ ምክንያት ነው።

የድምፅ መጎርነን፣ የዐይን ቆብ መውረድ፣ ስቅታ፣ የሁሉም ምንጭ ያቺው ጠባብ ቦታ ናት። ለጉሮሮና ለድምፅ አውታር ጡንቻዎች የሚያዙ ሴሎች እዚያ አሉ። አዶልፍ ቫለንበርግ የሚባል የዳንዚግ (የዛሬዋ ግዳንስክ፣ ፖላንድ) ሐኪም ይሄን ስብስብ በ1895 በዝርዝር ጽፎታል። ሕመምተኛው ኋላ ሲሞት አስከሬኑ ተመርምሮ የገመተው ቦታ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ኤምአርአይ የለ፣ ሲቲ የለ። በመዶሻና በመርፌ ብቻ! እስከ ዛሬ በስሙ ቫለንበርግ ሲንድሮም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው በአንገት በኩል ወደ ላይ የሚወጣው የቨርተብራል ደም ቧንቧ ወይም የእሱ ቅርንጫፍ መዘጋት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቶሎ መልስልኝ። ውሃ ሲጠጡ ያስላቸዋል?

ጨለማ ክፍል (ወልድያ)

የራዲዮግራፊ ባለሙያ ነኝ። ጋሼ የነርቩን ጨርሰውታል፣ እኔ የፊልሙን ልጨምር።

አንጎል በአግድም ተቆርጦ ሲታይ ምስሉ የሚቀርበው ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ አንተ ከእግሩ በኩል እንደምታየው ተደርጎ ነው። ስለዚህ የሱ ቀኝ ባንተ ግራ ነው የሚውለው። ጠርዙ ላይ ፈልግ፣ «አር» የምትል የላቲን ፊደል ታገኛለህ። እሷ ያለችበት ጎን ቀኛቸው ነው። መስኮት ላይ ስትይዙት ደግሞ ፊልሙ ተገልብጦ እንዳይሆን ፊደሏ በትክክል መነበቧን እዩ። ይሄ ጥያቄ ከማንም ቤተሰብ ይመጣል። አንዳንዱ ተቆጥቶ ነው የሚመጣው።

ሲቲው «ምንም የለም» ማለቱም አይግረማችሁ። የራስ ቅል ግርጌ አጥንቱ ወፍራም ስለሆነ እዚያ አካባቢ በሲቲ ምስሉ ይበላሻል። በሲቲ የደም መፍሰስ በደንብ ይታያል። በደም መዘጋት የመጣ ትንሽ የአንጎል ግንድ ስትሮክ ግን በቀላሉ ያመልጠዋል። ኤምአርአይም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን የሚስተው ጊዜ አለ። ስለዚህ ድንገት ቤት የዞረበት፣ መቆም ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ ሰው ካለ ሲቲው ንጹሕ ነው ተብሎ ዝም አይባልም።

የልብስ ሰፊው ልጅ (ደሴ)

ጋሼ ኑሩልኝ። የወልድያው ወንድሜ አንተም ተባረክ። ፊደሏ አለች! ነጩ ነጥብ ባለበት በኩል ነች። ለእህቴ ባል አሳየሁት። ፊልሙን ወስዶ አገላበጠው፣ መለሰልኝ፣ ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመረ።

አባቴን «እግርህን እያሰብክ ነው የምትረግጠው?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «አንተ ማን ነገረህ?» አሉ። ቀጥለው «ድሮ እግሬ ይሰፋል፣ እኔ ወሬ እጫወታለሁ። አሁን ወሬ ሳወራ እግሬ ይቆማል» አሉኝ።

ሳል ላሉት፣ አዎ። ውሃና ሻይ ሲጠጡ ያስላቸዋል። ገንፎና እንጀራ ፍትፍት ሲበሉ ግን ደህና ናቸው። እኛ ጉንፋን መስሎን ነበር። ይሄ ከዚያው ጋር ይያያዛል?

ሌላ ሁለት ነገር። መኪናዋን እንዲሞክሩ ልፍቀድላቸው ወይስ ልከልክላቸው? እናቴ «ይደክማሉ» ትላለች፤ እሳቸው ደግሞ ጨርቁን ገልጠው ይቀመጡባታል። ረመዳን ሲመጣም እጾማለሁ ብለዋል። የደም ግፊትና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት አላቸው።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

በሳሉ ልጀምር፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ጉንፋን አይደለም። ጉሮሯቸው በአንድ ወገን ሰንፏል፤ ቀጭን ፈሳሽ ፈጥኖ ወደ አየር ቧንቧ ይገባባቸዋል። ስትሮክ ያመለጠው ሰው በዚህ በሳንባ ምች ሲሞት አይቻለሁ። ነገ ዛሬ ሳትል የመዋጥ ችሎታቸውን የሚመረምር ባለሙያ ጋ ውሰዳቸው። እስከዚያ ሲበሉም ሲጠጡም ቀጥ ብለው ይቀመጡ። በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ። እየጠጡ አታስወሯቸው፤ ቡና ላይ ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የግድ ነው። በልተው ወዲያው አይጋደሙ። ትኩሳት ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ወይም ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ውሃ የያዘ ዓይነት ከሆነ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ናችሁ።

ሁለተኛው አደጋ ካውያው ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው ብለሃል፤ በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ ብዬ ልገምት። ጨርቁን የምታቀናው ግራ እጅ ናት፣ ሙቀት የማታውቀውም እሷው ናት። ካውያው ነክቷት ቆዳዋ ሲያር ዝም ትላለች፣ የሚነግራቸው ሽታው ነው። ለጊዜው ተኩሱን ሌላ ሰው ይያዘው። ሲኒም በቀኝ ይሁን። የገላ ውሃ ሙቀት በቀኝ እጅ ይለካ፣ በግራው አይሆንም። የቀኝ ጉንጫቸውን ሲላጩም መስታወት ፊት ይሁን፤ ምላጭ ቢቆርጣቸው አይሰማቸውም።

መኪናዋን አትከልክላቸው። በዚህ ዓይነት ጉዳት የሚረዳው ልምምድ ነው፣ ያውም ሰውየው የሚያውቀው ሥራ ከሆነ። ዝም ብሎ የጎማ ኳስ ጨብጡ ከምላቸው ይችን መኪና ብሰጣቸው እመርጣለሁ። ግን መርፌዋን አውጣ። ቀበቶውንም ከላይኛው መዘውር ላይ አውርደው። ፔዳሏና የታችኛው መንኮራኩር ብቻ ይቅሩ። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ በርጩማ አይሆንም። ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብሉ በቀኝ በኩል ግድግዳ ወይም ሰው ይኑር።

መጀመሪያ እግራቸውን እያዩ ይርገጡ። ከእግር የሚመጣው ወሬ ሲቀንስ ዐይን ይተካዋል። ቀስ ይበሉ፣ ፍጥነት አይፈልጉ። ምቱ ሲጠፋባቸው መንዙማ ይከፈትላቸው፤ ወይም ራሳቸው ያንጎራጉሩ። በድቤ የሚሄድ ረጋ ያለ መንዙማ ለእግር ምት የተሠራ ነው የሚመስለው። ይሄን ስል ቀልድ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ምት ከስትሮክ በኋላ ለእግር ማሠልጠኛ በሕክምና ይሠራበታል፤ በሌላ አገር ጠቅ ጠቅ የሚል ማሽን ይከፍታሉ፣ ወሎ ላይ ማሽን መግዛት አያስፈልገንም። መንኮራኩሩ ወደ ኋላ መመለስ ሲያቆም ቀበቶውን መልሱ። ከዚያ ያለ ክር፣ በመርፌ፣ ወረቀት ላይ መስመር ይውጉ። ወረቀቱን አስቀምጡት፤ ቀዳዳዎቹ ሲስተካከሉ ራሳቸው ያዩታል። ጣታቸው ግን ከመርፌዋ ይራቅ።

ለእጃቸው ደግሞ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ይደገፍ። መጀመሪያ የጆንያ መርፌ፣ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ። ከዚያ እያነሰ ይሂድ። እጃቸው ካለፈ አትያዝላቸው። ማለፉንና መመለሱን እጁ ራሱ መማር አለበት። የሰው ልጅ ሲያግዝ ያበላሻል አንዳንዴ፤ በተለይ ወንድ ልጅ ለአባቱ።

ይመለሳሉ ወይ ላልከኝ፣ ቀን ቆርጬ አልነግርህም። የቫለንበርግ ሲንድሮም ካገኛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከሳምንታት እስከ ወራት ውስጥ ራሳቸውን ችለው ይራመዳሉ። ማዞሩና ስቅታው ቀድሞ ይበርዳል። የሙቀቱ ነገር ግን ሊቆይ ይችላል። በአንዳንዱ ሰው ያ የደነዘዘው ጎን ኋላ ማቃጠል ይጀምራል። እንዲያ ካሉህ «ለውጥ ነው» ብለህ አትለፈው፣ የራሱ መድኃኒት አለው።

ጾሙን መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ይወስን። እኔ የማውቀው የግፊትና የደም ማቅጠኛ ኪኒን በራስ ፈቃድ እንደማይቆም ነው። የውሃ ጥምም ለእሳቸው ጥሩ አይደለም። ለታመመ ሰው ዲኑም ፈቃድ ሰጥቷል፤ እኔ ብላቸው አይሰሙኝም፣ የሰፈራችሁን ሼኽ አስነግራቸው።

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ጥሩ አድርገው አስረዱን። አጎቴ ግን ለምን እጁ ሰነፈ፣ የጠያቂው አባት እጅ ሳይሰንፍ የሚስተው ለምንድን ነው የሚለው አሁን ነው የገባኝ። ኤምአርአዩን ደግሙ ያልኩትን ተዉት።

ሦስተኛ ዓመት (ደሴ)

ጋሼ ይቅርታ፣ ጥያቄ ውስጥ ገባሁ። ስለ ሚድል ፔዳንክል ምንም አላሉም። ሰኞ ፈተና አለን። የሚያመጡት ደግሞ እሱን ነው መሰለኝ።

ከጦሳ ሥር (ደሴ)

የምትፈተነው እኔ ዘንድ ከሆነ ምን እንደማመጣ አልነግርህም። ሰው ታሞ ለተጻፈ ጥያቄ ነው የምመልሰው። ግን ከመጣህ አይቀር፣ ባጭሩ።

ከሦስቱ ትልቁ ነው። በእያንዳንዱ ጎን 20 ሚሊዮን ገደማ ክሮች አሉት። ከላይ ትእዛዝ የሚያወርደው የአንድ ጎን ፒራሚድ 1 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው ያለው። ሌሎቹ ሁለት ፔዳንክሎች የሚገባም የሚወጣም አላቸው፤ ይሄኛው ግን በተግባር መግቢያ ብቻ ነው። ከግራው የአንጎል ቅርፊት የወረደው ወሬ በግራው ፖንስ ውስጥ ያሉት ኒውክለሶች፣ የነርቭ ሴል ስብስቦች፣ ላይ ያርፋል። ከእነሱ የሚነሡት ክሮች መሀሉን ተሻግረው በቀኙ ሚድል ፔዳንክል ወደ ቀኙ ትንሽ አንጎል ይገባሉ። ትልቁ አንጎል «እንዲህ ላደርግ ነው» የሚለው በዚህ በኩል ነው። ኢንፌሪየሩ ደግሞ አካሉ በእርግጥ ያደረገውን ያመጣል። ትንሹ አንጎል ሁለቱን ያመሳክራል።

አስከሬን ክፍል ስትገባ አምስተኛውን የራስ ቅል ነርቭ ፈልግ። እሱ የሚወጣበት ቦታ የፖንስና የሚድል ፔዳንክል ድንበር ነው። የደም ቧንቧዎቹ እንደ ስማቸው ናቸው፤ ለላይኛው ሱፔሪየር ሴሬቤላር፣ ለመካከለኛው በአብዛኛው አንቲሪየር ኢንፌሪየር፣ ለታችኛው ፖስቲሪየር ኢንፌሪየር። ወደ ሱፔሪየሩ ስትመጣ ሁሉም ይወጣል ብለህ አትጻፍ። ቬንትራል ስፓይኖሴሬቤላር፣ ከሕብለ ሰረሰር ወደ ትንሹ አንጎል የሚሄደው አንዱ መስመር፣ የሚገባው በእሱ ነው። እሱም ሕብለ ሰረሰር ላይ አንዴ፣ ትንሹ አንጎል ውስጥ ሌላ ጊዜ ይሻገርና የሚያርፈው በተነሣበት ጎን ነው። የሱፔሪየሩ ራሱ መሻገሪያ ሚድብሬን ታችኛው ክፍል ላይ ነው፣ ከኢንፌሪየር ኮሊኩለስ፣ ከሚድብሬን ጀርባ ካለችው የታችኛዋ ጉብታ፣ ትክክል። ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው በተቃራኒው ጎን ይንገዳገዳል፣ ከዚያ በታች የተጎዳ በዚያው ጎን። ወረቀት ላይ ሦስቱንም ሣልና በቀኝና በግራ ቀለም ለይ፤ ሰኞ ሳይሆን ዛሬ ማታ።